ስድስቱ ትሮምቦኖች

ፒያኖ ላይ ኤፍ እና ጂ ፍላት ጎን ለጎን ናቸው፤ ጣት ዘለል ካለ በቂ ነው። ትሮምቦን ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በመሣሪያው መካከለኛ ድምፅ ኤፍ የሚገኘው ስላይዱ ሙሉ በሙሉ ተሰብስቦ፣ አንደኛ ፖዚሽን ላይ ነው። ጂ ፍላትን ለማግኘት ግን ክንድን ዘርግቶ አምስተኛ ፖዚሽን ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ለጆሮ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩት ሁለት ኖታዎች ለክንድ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ይራራቃሉ። ከዚያ ወደ ኤ ፍላት ሲወጡ ስላይዱ ወደ ሦስተኛ ይመለሳል፤ ቢ ፍላት ላይ እንደገና አንደኛ፤ ሲ ፍላት ላይ አራተኛ፤ ዲ ፍላት ላይ ሁለተኛ። የኢ ፍላት ማይነር መንገድ ይህ ነው። ዜማው ደረጃ በደረጃ ሲወጣ ክንድ ወዲያና ወዲህ ይወረወራል። ቀስ ብሎ ለሚጫወተው ችግር የለውም። ምቱ ፈጣን ሆኖ እያንዳንዱ ኖታ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ሲፈለግ ግን፣ ዕድሜውን ሙሉ ትሮምቦን ሲነፋ የኖረ ሰውም ቢሆን ልቡ ይመታል።

በ1964 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሆይት ከርቲን የተባለ የሙዚቃ ደራሲ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በዚሁ ኪይ፣ በሚያስሮጥ ምት፣ ለስድስት ትሮምቦኖች ጻፈ። ሥራው «ጆኒ ክዌስት» ለተባለ የካርቱን ተከታታይ ፊልም መክፈቻ ነበር። ከርቲን በ1999 በሰጠው ቃለ ምልልስ ኪዩን የመረጠው ሆን ብሎ እንደነበር ተናግሯል። ለስላይድ ትሮምቦን ከዚህ የከፋ እንደሌለ ያውቅ ነበር። ፊት ለፊቱ የሚቀመጡት ሰዎች ማን እንደሆኑም እንዲሁ ያውቅ ነበር፤ ቅጂውን የሰማ ሰው እንደሚመሰክረው አንዲት ኖታ አልጣሉም።

ከዚህ የጀመርኩት እኔም የትሮምቦን ሰው ስለሆንኩ ነው። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ወታደር ባንድ ውስጥ ነው። እዚያ ትሮምቦን ከኋላ ይቀመጣል። ማርሽ ሲሆን የምቱን ክፍተት ይሞላል፤ ዘፈን ሲሆን ረጅም ኖታ ይዞ ድምፃዊውን ያጅባል። መምህራችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መሣሪያውን ከማስጨበጣቸው በፊት ሰባቱን ፖዚሽኖች በባዶ እጅ፣ አየር ላይ ያለማምዱን ነበር። ብዙ ዓመት አልፎ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ወዳጄ ቤት ሄጄ ቡና እየተፈላ ሳለ፣ ሳሎን ያሉት ልጆች ካርቱን ኔትወርክ ከፍተው ነበርና ያ መክፈቻ መጣ። ቀኝ እጄ ሳላዘው ፖዚሽኖቹን መቁጠር ጀመረ። ልጆቹ ጄት አውሮፕላንና ጭራቅ ያያሉ። ለእኔ የታዩኝ ሸሚዛቸውን ሰብስበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ኖታ የሚያነቡ ስድስት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሙዚቃ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ያገኘሁትን ሁሉ እሰማለሁ። የደረስኩበትን በአጭሩ ልናገር። «ጆኒ ክዌስት» ላይ ሥዕሉ አብዛኛውን ጊዜ ቆሟል። የሚሮጠው ሙዚቃው ነው። ይህ የሆነው ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም፤ በገንዘብ እጥረት ነው።

«ጆኒ ክዌስት»ን ያወጡት ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ ቀድሞ ኤም ጂ ኤም በተባለው የፊልም ኩባንያ ውስጥ ከ1940 ጀምሮ «ቶም እና ጄሪ»ን ይሠሩ ነበር። ሰባት ደቂቃ ገደማ ለሚሆን አጭር ፊልም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይወጣል። ድመቷ ስትሮጥ እግሯ፣ ጅራቷ፣ ጢሟ ሁሉ ይሣላል። የሙዚቃው ሰው ስኮት ብራድሊም እያንዳንዷን እርምጃ፣ እያንዳንዷን ውድቀት እየተከተለ ለኦርኬስትራ ይጽፋል። ድመቷ ደረጃ ስትወጣ ቫዮሊኖቹ አብረዋት ይወጣሉ፤ መጥበሻ ሲያርፍባት ሲንባሉ በዚያችው ቅጽበት ይጮኻል። እጅግ የከበረ ሙያ ነው። ግን ውድ ነው። በ1957 ኩባንያው የካርቱን ክፍሉን ዘጋ።

ሁለቱ ሰዎች ወደ ቴሌቪዥን ዞሩ። እዚያ ያገኙት ገንዘብ ለአንድ አጭር ካርቱን ሦስት ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በዚያ ገንዘብ ድመት ሙሉ አካሏ እየተንቀሳቀሰ አትሮጥም። ስለዚህ የሚንቀሳቀሰውንና የማይንቀሳቀሰውን ለዩ። ገላው አንዴ ይሣላል፤ ሲናገር አፉ ብቻ ይለወጣል፤ ሲሮጥ እግሩ ላይ ሦስት አራት ሥዕሎች ይደጋገማሉ፤ ከጀርባው ያው ዛፍና ያው ድንጋይ ያልፋል። ዮጊ የተባለው ድብ አንገቱ ላይ ኮሌታና ክራቫት ያደረገው ለጌጥ አይደለም። ጭንቅላቱ ከገላው ተለይቶ ስለሚሣል መጋጠሚያውን ኮሌታው ይሸፍንለታል።

ሥዕል እንዲህ ሲቀንስ ሌላ ነገር መጨመር ነበረበት። የንግግር ድምፅ ተጨመረ፤ ሁለተኛው ሙዚቃ ነበር። ግን እንደ ብራድሊ ለእያንዳንዱ ክፍል አዲስ የሚጽፍና በኦርኬስትራ የሚያስቀርጽ ሰው መቅጠር የማይታሰብ ነው።

ከርቲን የመጣው በዚህ ሰዓት ነው። በ1922 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተወልዶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል አገልግሎ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተምሯል። እንጀራው የማስታወቂያ ዜማ ነበር። የማስታወቂያ ሙዚቃ የጻፈ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሠላሳ ሰከንድ ውስጥ መግቢያ፣ ዜማና መደምደሚያ ያስፈልጋል፤ አድማጩም በመጀመሪያው ሁለት ምት ካልተያዘ ሄዷል። ከሃና እና ባርቤራ ጋር የተዋወቀውም በአንድ የቢራ ማስታወቂያ ሥራ ነው። ኋላ ለመጀመሪያው የቴሌቪዥን ካርቱናቸው ግጥሙን በስልክ ነገሩት፤ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ደውሎ ዜማውን በስልክ ዘፈነላቸው። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመታት የቤቱ የሙዚቃ ሰው ሆነ።

«ፍሊንትስቶንስ»፣ «ቶፕ ካት»፣ «ጄትሰንስ» የእሱ ናቸው። የፍሊንትስቶንስ ታዋቂ መዝሙር የቆመበት የኮርድ አካሄድ የጆርጅ ገርሽዊን «አይ ጎት ሪዝም» ሲሆን፣ የጃዝ ሰዎች ለመፈታተሻ የሚመርጡት መንገድ ነው። ለዚህም ይመስለኛል የካርቱን ዜማ ሆኖ ሳለ ትልልቅ የጃዝ ተጫዋቾች መድረክ ላይ የሚያነሡት። ግን እነዚህ ሁሉ የሳቅ ፊልሞች ናቸው። ጃዝ በካርቱን ለሳቅና ለተንኮል መዋሉ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ካብ ካሎዌይና ሉዊስ አርምስትሮንግ ገና በ1932 በቤቲ ቡፕ ካርቱኖች ውስጥ ነበሩ። ለጀብዱ ግን የሚሰጠው ማርሽ ነበር። የፍላይሸር ወንድማማቾች በ1941 ሱፐርማንን ሲያበሩ ከኋላው የሚሰማው የጀግና ሰልፍ ነው፤ ትራምፔቶቹ ልክ እንደ እኛ ባንድ በቀጥታ ይነፋሉ።

ይህን የለወጠው ካርቱን አይደለም። በ1958 ሄንሪ ማንቺኒ «ፒተር ገን» ለተባለ የመርማሪ ፊልም በጃዝ ማጀቢያ ጻፈ። በዝቅተኛ ድምፅ እየተመላለሰ የሚፈጨው ያ የጊታርና የፒያኖ ሐረግ፣ ከላዩም የሚጮኸው የትንፋሽ ክፍል፣ አደጋ በቴሌቪዥን እንዴት እንደሚሰማ ወሰነ። የሙዚቃው አልበም በመጀመሪያው የግራሚ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ አልበም ተባለ። በነገራችን ላይ ያንን ፒያኖ የተጫወተው ጆን ዊሊያምስ ነው፤ ኋላ «ስታር ዋርስ»ን የደረሰው። ከዚያ በ1962 ጄምስ ቦንድ መጣ፤ የሞንቲ ኖርማንን ዜማ ጆን ባሪ በኤሌክትሪክ ጊታርና በሚጮኽ ብራስ አቀናበረው። ሰላይ፣ ባሕር ሥር የተደበቀ ጣቢያ፣ እብድ ሳይንቲስት ሁሉ ከዚያ ወዲህ ያለ ጃዝ አይታሰቡም ነበር።

«ጆኒ ክዌስት»ን የሣለው ዳግ ዋይልዲ የኮሚክ መጽሐፍ ሠዓሊ ነበር። የሃና እና ባርቤራ ኩባንያ መጀመሪያ ያሰበው «ጃክ አርምስትሮንግ» የተባለ የሬዲዮ ታሪክ ነበር፤ መብቱ አልተገኘም። ዋይልዲ የቦንድን የመጀመሪያ ፊልም ካየ በኋላ አዲስ ታሪክ ፈጠረ፦ ሳይንቲስቱ ዶክተር ክዌስት፣ ልጁ ጆኒ፣ ከካልካታ የመጣው ሃጂ፣ ጠባቂያቸው ሬስ ባነን፣ እና ባንዲት የተባለ ትንሽ ውሻ። መስከረም 18 ቀን 1964፣ ዓርብ ምሽት፣ በኤ ቢ ሲ ጣቢያ ተጀመረ። የልጆች ሰዓት አልነበረም፤ ቤተሰብ ሁሉ እራት በልቶ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ዋይልዲ ሰዎቹን እንደ እውነተኛ ሰው ሣላቸው፤ ፊታቸው ላይ ጥላ አለ፤ ልብሳቸው ይጨማደዳል። ግን እንዲህ ያለ ሰው ሲንቀሳቀስ መሣል ከድብ ይከብዳል። ስለዚህ ሥዕሉ ባማረ ቁጥር ይበልጥ ቆመ። ብዙ ትዕይንቶችን ልብ ብሎ ላየ፣ ካሜራው በአንድ የቆመ ሥዕል ላይ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ሆኖም ልብ ይመታል።

ልብ የሚያስመቱት ሃያ ሰዎች ናቸው። ከርቲን እንደተናገረው ባንዱ አራት ትራምፔት፣ ስድስት ትሮምቦን፣ አምስት የእንጨት ትንፋሽ ተጫዋቾች፣ አምስት ደግሞ የምት ክፍል ነበረው። ስድስት ትሮምቦን ብዙ ነው። በተለመደ ቢግ ባንድ ውስጥ ሦስት ወይም አራት ናቸው። ስድስት ሲሆኑ ከታች ያለው ድምፅ ግድግዳ ይሆናል፤ ኮርዱ ሙሉውን በትሮምቦን ብቻ ሊሞላ ይችላል፤ ትራምፔቶቹም ከላይ እንደልባቸው ይጮኻሉ። አምስቱ የእንጨት ትንፋሽ ሰዎች እያንዳንዳቸው ሁለትና ሦስት መሣሪያ ይይዛሉ፦ ሳክስፎን፣ ፍሉት፣ ክላርኔት። ሙዚቀኛው መሣሪያ በለወጠ ቁጥር የሙዚቀኞች ማኅበሩ ተጨማሪ ክፍያ ያስከፍልለታል፤ ለቀጣሪው ግን ከአምስት ሰው የአሥር ሰው ቀለም መግዛት ነው። ጫካ ሲሆን ፍሉት፣ ፍልሚያ ሲሆን ሳክስ።

ድራሙ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጡት አልቪን ስቶለር ወይም ፍራንኪ ካፕ ነበሩ። ስቶለር ከቶሚ ዶርሲ ባንድ የወጣ፣ ከፍራንክ ሲናትራና ከኤላ ፊትዝጄራልድ ጋር የቀረጸ ሰው ነው። ካፕ ስታን ኬንተን ጋር የጀመረ። ይህን የምለው ስም ለመቁጠር አይደለም። እነዚህ ሰዎች ካርቱን ስቱዲዮ ውስጥ ምን ይሠራሉ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ እዚያው አለ። ከጦርነቱ በኋላ ትልልቆቹ የዳንስ ባንዶች ሲፈርሱ፣ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ የኖሩት ተጫዋቾች ሎስ አንጀለስ ሰፈሩ። ሌሊት ክለብ ውስጥ ይጫወታሉ፤ ቀን ቀን ስቱዲዮ ገብተው የተሰጣቸውን ኖታ በመጀመሪያ ዕይታ ያነባሉ። ጠዋት የሳሙና ማስታወቂያ፣ ከሰዓት የሲናትራ ዘፈን፣ ማታ የጭራቅ ማጀቢያ። ከርቲን ያን የማይቻል ኪይ የሰጠው ለእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ነው። እኔ እንደ ክብር ነው የማየው። ሙዚቀኛን የማያከብሩ ሰዎች አንዱ መለያ ቀላል ኖታ መስጠት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ብልሃት እመጣለሁ፤ ብዙ ሰው የማያየው እሱን ነው።

ሃያ ስድስት ክፍሎች አሉ። ለሃያ ስድስቱም ለየብቻ አልተጻፈም። ሙዚቃው የሚቀረጸው በአጫጭር ቁርጥራጮች ነው፦ ለማሳደድ፣ ለማድፈጥ፣ ለበረራ፣ ለመርዶ፣ ለባሕር ጥልቀት፣ ለፍልሚያ፣ ውሻው ሲያስቅ። አንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዱ ጥቂት ሰከንድ። ከዚያ ሙዚቀኞቹ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የቀረው ሥራ የሙዚቃ ኤዲተሩ ነው። እሱ ሥዕሉን እያየ ከመደርደሪያው የሚስማማውን ቴፕ ያወጣል፣ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ዛሬ አዞ የሚያሳድድበት ሙዚቃ ከወር በኋላ ተኩላ ያሳድድበታል።

በዚህ አሠራር የብራድሊ ዓይነት ሙዚቃ ዋጋ የለውም። ለአንዲት ድመት ውድቀት ተለክቶ የተሰፋ ቅንብር ለሌላ ውድቀት አይሆንም። ጃዝ ግን የተሠራው ከሚደጋገሙ አጫጭር ሐረጎች ነው። ባሱና ድራሙ አራት ምት ይዘው መንገድ ይጀምራሉ፤ ትሮምቦኖቹ አንድ ሐረግ ይጥሉበታል፤ ትራምፔቶቹ ይመልሱለታል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። አራተኛው ዙር ላይ ብትቆርጠው ያልተቆረጠ ይመስላል፤ አሥራ ሁለተኛው ላይም እንዲሁ። ምቱ ስላለ ሥዕሉ በየትኛው ቅጽበት ቢለወጥ አንድ ምት ያገኘዋል፣ አድማጩም ሆን ተብሎ የተገጠመ ይመስለዋል። ቃጭል ያሰረች በግ የቆመችበት ባይታይም መንገዷ እንደሚታወቅ፣ ምቱ እየሄደ እስከሆነ ድረስ ተመልካቹ ሬስ ባነን እየሮጠ መሆኑን ያምናል፤ የተሣለው ግን አንድ ፊትና አንድ የላብ ጠብታ ብቻ ነው።

«ዘ ሮቦት ስፓይ» የሚለውን ክፍል ያየ አይረሳውም። ከሰማይ የወረደ ጥቁር ኳስ በረሃ ውስጥ ወዳለ የጦር ሰፈር ይገባል። ሌሊት ረጃጅም የሸረሪት እግሮች ያወጣል፤ መሐሉ ላይ አንድ ዓይን ይከፈታል። ጥይት አይበሳውም፤ ታንክ አያቆመውም። ሥዕሉን ድምፅ አጥፍታችሁ እዩት፤ እግሮቹ ጥቂት ሥዕሎች ናቸው፤ እየተደጋገሙ ይረግጣሉ። ድምፁን ስትከፍቱ ክብደት ይመጣል። ከባዱ የትንፋሽ ክፍል ከታች እየረገጠ ሲመጣ ያ ቀለም ብቻ የሆነ ሸረሪት ቶን የሚመዝን ብረት ይሆናል። ለልጅ የሚያስፈራው ዓይኑ እንደሆነ ይነገራል። እኔ ግን የማስፈራቱ ሥራ የትሮምቦኖቹ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ዓይኑ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው፣ እነሱ ግን አያቆሙም።

ይህን ሁሉ ስወድ ግን ዓይኔን የምጨፍንበት ቦታ የለም። ፊልሙ ላይ አፍሪካዊውና የአማዞን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጦር ይዞ የሚጮኽ እንጂ ስም ያለው ሰው አይደለም። የመጨረሻው የስም ዝርዝር የሚያልፈው ጀግኖቹ በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ጀልባ ሲያመልጡ፣ አፍሪካውያን ተዋጊዎች ጦር ሲወረውሩባቸው በሚያሳይ ትዕይንት ላይ ነው፤ ያ ቁራጭ ከተተወው የ«ጃክ አርምስትሮንግ» ሙከራ የተረፈ ነው። ሙዚቃውም ከዚህ ንጹሕ አይደለም፤ ጫካ ሲገቡ የሚመጣው ከበሮ የማንም ሕዝብ ከበሮ አይደለም፣ ሆሊውድ ውስጥ የተፈጠረ ነው። ከበሮ ሥርዓት፣ ስምና ጊዜ ካለው አገር ለመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከርቲንና ባንዱ እጅግ የሚያስደንቁት በራሳቸው ቋንቋ ሲጫወቱ ነው፤ የሰው አገር መስለው ሲጫወቱ ግን ያንሳሉ።

ፊልሙ በመጋቢት 1965 ቆመ። ወጪው ከባድ ነበር። ከሃያ ስድስት ክፍል በኋላ አዲስ አልተሠራም፤ ድጋሚው ግን ለዓመታት በቅዳሜ ጠዋት ሰዓት በሦስቱም ትልልቅ የአሜሪካ ጣቢያዎች ላይ ተራ በተራ ታየ። የሙዚቃው ቁርጥራጮችም ከመደርደሪያው እየወጡ ወደ ኩባንያው ሌሎች ካርቱኖች ገቡ። አንድ ትውልድ እነዚያን ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ ሰማቸው። ስማቸው ግን ስክሪኑ ላይ አልወጣም። የከርቲን ስም አለ፤ ድምፅ የሰጡት አሉ፤ ሠዓሊዎቹ አሉ። ትሮምቦን የነፉት የሉም። ያን ጊዜ ደንቡ እንዲህ ነበር። ከርቲን በታኅሣሥ 2000 አረፈ፤ ማጀቢያው ያለ ንግግርና ያለ ተኩስ ለብቻው በሁለት ሲዲ ለአድማጭ የቀረበው ላ-ላ ላንድ ሬከርድስ በ2016 ሲያወጣው ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያን ስሰማ በድምፅ ተዋናዮቹ ንግግር ሥር ተቀብሮ የኖረ የፍሉትና የቫይብራፎን ሥራ አገኘሁ፤ ለካ ጥቂት ሰከንድ ለምታልፍ የባሕር ትዕይንት ሰው እንዲህ ተጨንቆ ጽፏል።

ገንዘብ ሲያጥር ሙዚቃ ሥዕልን መሸከሙ በሌላም ቦታ ታይቷል። በ1967 የተጀመረው የ«ስፓይደር ማን» ካርቱን መጀመሪያ የሬይ ኤሊስ የራሱ ማጀቢያ ነበረው። ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ሥራው ወደ ሌላ ኩባንያ ሲዛወር በጀቱ ይበልጥ ጠበበ፤ ስፓይደር ማን በድሩ ከሕንፃ ሕንፃ የሚወዛወዝባቸው እነዚያው ሥዕሎች እስኪታክት ተደጋገሙ። ማጀቢያውን ደግሞ ኬ ፒ ኤም ከተባለ የለንደን ድርጅት ተከራዩት፤ ድርጅቱ ለማንኛውም ፊልም የሚሆን ዝግጁ ሙዚቃ ቀርጾ የሚያከራይ ነበር። ከደራሲዎቹ መካከል ሲድ ዴል እና ጆኒ ሆክስዎርዝ አሉ፤ ሆክስዎርዝ በቴድ ሂዝ ቢግ ባንድ ውስጥ ባስ የተጫወተ ሰው ነው። የኒውዮርክን ሰማይ ያዩ የአሜሪካ ልጆች የሰሙት የለንደን ጃዝ ነበር። ሙዚቀኞቹም ለማን እየተጫወቱ እንደሆነ አላወቁም። ያው የሚወዛወዝ ሥዕል በአንዱ ክፍል ደስታ፣ በሌላው ፍርሃት የሚሆነው ከሥሩ ያለው ቴፕ ስለተለወጠ ነው።

ጃፓን ውስጥ ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ለሁለተኛው የ«ሉፒን ሣልሳዊ» ተከታታይ፣ ከ1977 እስከ 1980 ለታየው፣ ማጀቢያውን የጻፈው የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ዩጂ ኦህኖ ነው። 155 ክፍሎች ናቸው። ኦህኖ ያንኑ የመክፈቻ ዜማ በየጊዜው እንደገና ያቀናብረው ነበር፣ የጃዝ ሰው አንድን ዜማ በየምሽቱ በሌላ መልክ እንደሚጫወት ሁሉ፤ ተመልካቹም ለውጡን መጠበቅ ለመደ።

ከዚያ በ1998 «ካውቦይ ቢቦፕ» መጣ፤ እሱም ልክ እንደ «ጆኒ ክዌስት» 26 ክፍል። እያንዳንዱ ክፍል «ሴሽን» ይባላል፤ ሙዚቀኞች ስቱዲዮ ገብተው የሚቀርጹበት ሰዓት እንደሚባለው። ደራሲዋ ዮኮ ካኖ፣ ባንዱ ሲት ቤልትስ፣ ዳይሬክተሩ ሺኒቺሮ ዋታናቤ። ዋታናቤ እንደተናገረው ካኖ ያላዘዛትን ሙዚቃ ጽፋ ታመጣለት ነበር፤ እሱም ሰምቶ ለሙዚቃው የሚሆን አዲስ ትዕይንት ይፈጥራል። በ1964 ኤዲተሩ ሙዚቃውን ለሥዕሉ ይቆርጥ ነበር፤ እዚህ ሥዕሉ ለሙዚቃው ተቆረጠ። መክፈቻው «ታንክ!» በባስና በቦንጎ ላይ ይሄዳል፤ የትንፋሽ ክፍሉም ባንድ ላይ ይገባበታል። የማሳቶ ሆንዳ ሳክስፎን ከላይ ሲጮህ ከሥር ያሉትን ትሮምቦኖች ለይታችሁ ስሙ፤ ሐረጉን የሚገፉት እነሱ ናቸው። ከምስሎቹ ኋላ በፍጥነት የሚያልፍ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ ስለ 1941 ኒውዮርክ፣ ሐርለም ውስጥ ስለነበረው ሚንተንስ ፕሌይሃውስ፣ እዚያ ሌሊት ሌሊት ተሰብስበው ስለሚጫወቱት የጃዝ ሰዎች ይናገራል። የሲት ቤልትስ አልበሞች ሲወጡም የተጫዋቾቹ ስም በየመሣሪያቸው ታተመ፤ የትሮምቦኖቹም ጭምር።